ሴኮያን ቁጭ ብሎ ማየት

የመጀመሪያው የሴኮያ ጉዞዬ ባጭሩ ይኸው፦ ከሎስ አንጀለስ አራት ሰዓት ተኩል ነዳን፣ ሃያ ደቂቃ ቆምን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ፎቶው ላይ የሚታየው ፈገግ ያሉ አራት ሰዎችና ከኋላቸው አንድ ቀይ ግድግዳ ነው። ዛፉ የለም፤ ወደ ላይም ወደ ጎንም ከካሜራው ተርፎ ቀርቷል። ማታ ቤት ስንገባ ልጄ፣ “ግን ትልቁ ዛፍ የቱ ነበር?” አለችኝ።

ከዓመት በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ደግመን ሄድን። ጉልበቷን ስለሚያማት በየአግዳሚው እየተቀመጥን ነው የወረድነው። ሴኮያን ያየሁት ያን ቀን ነው። እነዚህ ዛፎች ለሚጣደፍ ሰው አይታዩም። ስለዚህ ይህ መመሪያ መንገዱን፣ ክፍያውንና ስንቁን ከቤትዎ ጨርሰው እንዲወጡና እዚያ ሲደርሱ መቀመጫ ጊዜ እንዲተርፍዎት የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ምን ሊያዩ ነው የሚሄዱት?

የሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ነው። የተከለለው በ1890 ሲሆን፣ ዛሬ ካሉት የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከየሎውስቶን ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛው ነው። ግዙፉ ሴኮያ በተፈጥሮው የሚበቅለው በዚሁ የተራራ ሰንሰለት ተዳፋት ላይ ብቻ ነው። ዘመዱን ግን ያውቁታል፤ የእኛው ሀገር በቀል ጥድ የዚሁ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው።

የፓርኩ አውራ ጄኔራል ሸርማን የሚባለው ዛፍ ነው። ቁመቱ 83.8 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንፃ የሚያንሰው በ16 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቁመት የሚበልጡት አሉ፤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚበቅሉት ሬድዉዶች ውስጥ ከ115 ሜትር የሚያልፍ ይገኛል። ሸርማንን ልዩ የሚያደርገው ግዝፈቱ ነው። ግንዱ መሬት በሚነካበት ቦታ ወርዱ 11 ሜትር፣ ዙሪያው 31 ሜትር ገደማ ነው። በግንድ ግዝፈት የሚተካከለው ነጠላ ዛፍ በዓለም ላይ የለም። ዕድሜው ወደ 2,200 ዓመት ስለሚገመት፣ የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ሲቆሙ እሱ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ጎልማሳ ነበር ማለት ነው።

1. ወቅቱን ይምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ በተለይ ልጆች ወይም አዛውንት ከያዘ፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ቢሄድ ይቀለዋል። በሰመር ወራት መንገዶቹ ክፍት ናቸው፤ በፓርኩ ውስጥ ነፃ ሰርቪስ አውቶቡስ ይመላለሳል። ችግሩ ሕዝቡ ነው። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ፣ በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ በሥራ ቀን ከሄዱ ዛፎቹን ብቻዎን ሊያገኟቸው ይችላሉ። ሆኖም የሰደድ እሳት ጭስ የሚበረታው በሰመር መጨረሻና በመጸው ስለሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ማየት አይርሱ።

በበረዶ ወራት ቀዩ ግንድ ከነጭ መሬት ሲነሳ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን የጎማ ሰንሰለት መኪናዎ ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ የፓርኩ ሰዎች በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪናም ቢሆን ሰንሰለት እንዲይዝ ሊያዝዙ ይችላሉ። ሰንሰለት ማሰር የሚለማመዱት ቤትዎ ደጃፍ ላይ ነው፤ ተራራ ላይ ጣት ደርቆ አይሆንም።

2. መንገዱን ይወቁ

ወደ ፓርኩ ከምዕራብ በኩል የሚያስገቡ ሁለት ዋና በሮች አሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ጄኔራልስ ሀይዌይ ነው።

የደቡቡ በር በ198 ቁጥር መንገድ ነው። ከሎስ አንጀለስ የሚነሱ ከሆነ በ5 ቁጥር ወጥተው፣ 99 ቁጥርን ይዘው ቤከርስፊልድን ካለፉ በኋላ በቫይሴሊያና በስሪ ሪቨርስ በኩል ይገባሉ። ይህ በር ለትላልቆቹ ዛፎች ይቀርባል፤ ግን መንገዱ ከ500 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር የሚወጣ ጠመዝማዛ ነው። መኪና የሚያስታውከው ሰው ካለ ከፊት ያስቀምጡት፤ መድኃኒቱንም ስሪ ሪቨርስ ላይ ይስጡት። መኪናዎ ከ22 ጫማ፣ ማለትም ከ6.7 ሜትር የሚረዝም ከሆነ በዚህ በኩል አይሞክሩት።

የሰሜኑ በር በ180 ቁጥር ከፍሬዝኖ የሚመጣው ነው። ኩርባው ይቀላል፤ ከሳን ሆዜና ከኦክላንድ ለሚመጡም ይቀናል። የሚያስገባዎት ጄኔራል ግራንት ወደሚባለው ሌላው ግዙፍ ዛፍ ሠፈር ነው። ከዚያ እስከ ሸርማን ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል።

በየትኛውም በር ቢገቡ ሦስት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ ፓርኩ ውስጥ ነዳጅ ማደያ የለም፤ ቫይሴሊያ፣ ስሪ ሪቨርስ ወይም ፍሬዝኖ ላይ ሙሉ ይሙሉ። ሁለተኛ፣ የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው ቦታ የለም፤ ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ በሁለት መኪና ከሆናችሁም የት እንደምትገናኙ በቃል ተነጋገሩ። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ሲመለሱ ፍሬን ረግጠው አይቆዩ፤ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ። የጋለ ፍሬን ሽታ ከሸተተዎት ወደ ዳር ወጥተው ያሳርፉት።

3. ክፍያውን አስቀድመው ያስቡ

የአንድ መኪና መግቢያ 35 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ካርድ ይያዙ። በዓመት ሦስት ፓርክ የሚያዩ ከሆነ 80 ዶላር የሚከፈልበት የሁሉም ፓርኮች ዓመታዊ ፓስ ያዋጣዎታል።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ጥቅም አለ። ዕድሜው 62 የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ የዓመት ፓስ በ20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩን ደግሞ በ80 ዶላር ማውጣት ይችላል። ባለ ፓሱ አብሮ እስካለ ድረስ በእሱ መኪና ያለው ቤተሰብም አብሮ ይገባል። አባትዎ ግሪን ካርድ ካላቸው መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ፤ ለአንዴም ቢሆን ጋባዡ እሳቸው ይሆናሉ። ልጅዎ አራተኛ ክፍል ከሆነም ለተማሪዎች የሚሰጠውን ነፃ ፓስ ያውጡለት።

በአንጻሩ በጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድ ካለዎት ሂሳቡ ይለያል። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ፣ 16 ዓመት የሞላው ጎብኚ በዚህ ፓርክ ተጨማሪ 100 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ዋጋና ደንብ ስለሚለዋወጥ በጉዞው ሳምንት አንዴ ያጣሩ።

4. የት ያድራሉ?

ከሎስ አንጀለስ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ እኔም ያደረግኩት ያንን ነበር፤ ውጤቱን ነግሬዎታለሁ። ከዋዜማው ሄዶ ስሪ ሪቨርስ ወይም ቫይሴሊያ ማደር ይሻላል። ፓርኩ ውስጥ ማደር ከፈለጉ ዉክሳቺ ሎጅ ለሸርማን ዛፍ ቅርብ ነው። ድንኳን የሚወዱ ደግሞ ሎጅፖል ላይ ቦታ ይይዛሉ፤ ሰመር ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ወራት ቀድመው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ያስይዙ።

ልብስን በተመለከተ፣ ታች ሸለቆው 38 ዲግሪ ሲሆን ላይ ዛፎቹ ዘንድ ሹራብ ሊያስፈልግዎት ይችላል። ጃይንት ፎረስት የሚባለው የዛፎቹ ደን ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። እናቴ በአየሩ ምንም አልሆነችም። ሃያ ዓመት በባሕር ጠረፍ የኖርኩት እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጠረኝ። ጋቢ ይያዙ፤ አግዳሚ ላይ ሲነጠፍ መቀመጫ፣ ሲመሽ መልበሻ ይሆናል።

5. ስንቅዎንና ድቡን ያለያዩ

በፓርኩ ጥቁር ድቦች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይተናኮሉም፤ ምግብ ግን ከሩቅ ያሸታሉ። የዶሮ ወጥ ሽታ ያለበት መኪና ለድብ የታሸገ ምሳ ነው፤ በሩን እንደ ቆርቆሮ ይገነጥለዋል። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ደግሞ መጨረሻው አያምርም፤ ብዙ ጊዜ ይገደላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ለእሱም ነው።

በመኪና ማቆሚያዎችና በካምፖች የብረት ሳጥኖች አሉ። ሳጥን ባለበት ሁሉ ምግቡን በሙሉ፣ ቀንም ቢሆን፣ እዚያ ያስገቡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅባትና ሽቶም ለድብ ምግብ ስለሚሸቱ አብረው ይግቡ። የሕፃናት ወንበር ሥር የወደቀ ብስኩት ሳይቀር ይልቀሙ።

ለምሳ እንጀራ ፍርፍርና ጥቅል ያለ ነገር፣ ለመክሰስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ በእግር መንገድ ላይ ከቆሎ የተሻለ ስንቅ የለም። ቡናውን ግን ቤትዎ አፍልተው በፔርሙስ ይዘው ይምጡ። በደረቅ ወራት እሳት ማንደድ በብዙ ቦታ ስለሚከለከል፣ ከሰል አቀጣጥሎ ዕጣን ማጨስ የሚታሰብ አይደለም። ውኃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ይያዙ።

6. ቀኑን እንዲህ ያውሉት

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከስሪ ሪቨርስ ጠዋት 12፡30 ይነሱ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከደረሱ ማቆሚያ ያገኛሉ፤ ረፋዱ ላይ ግን ሰመርና ቅዳሜ እሁድ ይሞላል።

መጀመሪያ ወደ ጃይንት ፎረስት ሙዚየም ይሂዱ፤ ሸርማን አያመልጥም። ከሙዚየሙ አጠገብ ቢግ ትሪስ ትሬይል የሚባል፣ አንድ መስክ የሚዞር ደልዳላ መንገድ አለ። ዙሩ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ይመቻል። ዓይንዎ የሚለማመደው እዚህ ነው። ደኑ በጣም ንጹሕ መስሎ ቢታይዎት ምክንያት አለው፤ በፊት እዚህ ሆቴልና ሱቅ ሞልቶ ነበር። ከ280 በላይ ሕንፃዎች ተነስተው ነው ቦታው ለሥሮቹ የተለቀቀው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሸርማን ይሂዱ። ዋናው ማቆሚያ በወልቨርተን መንገድ በኩል ነው። ከዚያ 800 ሜትር ያህል በደረጃና በአስፋልት ይወረዳል። መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሱ ግን ዳገት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ካሉ ሁለት መላ አለ። የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ያለው መኪና ታች አስፋልቱ ዳር ባለው ማቆሚያ መቆም ይችላል። ሰመር ላይ ደግሞ በእግር ወርደው ታች ከሚቆመው አውቶቡስ ተሳፍረው መመለስ ይችላሉ።

ሲወርዱ መንገዱ ላይ የዛፉ ግንድ ወርድ በንጣፍ ተስሎ ያገኛሉ። አይለፉት። ልጆቹን አስተኝተው ስንት ልጅ እንደሚበቃው ያስቆጥሯቸው፤ ከሜትሩ ይልቅ ያ ይገባቸዋል።

ሸርማን ጋ ሲደርሱ አንድ ወግ ይንገሯቸው። ፓርኩ ከመከለሉ በፊት፣ በ1886፣ በዚህ ተራራ ሥር በጋራ ሠርቶ በጋራ ለመኖር የመጡ ሶሻሊስቶች ሠፍረው ነበር። ይህን ዛፍ ይጠሩት የነበረው ካርል ማርክስ ብለው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የማርክስ ሐውልት በኩል ሲመላለስ ያደገ ሰው ይህን ሰምቶ ሳይስቅ አያልፍም።

ሕዝቡ ከበዛብዎ ከሸርማን የሚነሳውን ኮንግረስ ትሬይልን ይያዙ። ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ የሚያስኬድ ዙር ነው፤ ጥቂት መቶ ሜትር እንደገቡ ጫጫታው ይቀራል። ምሳውን ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ለሽርሽር በተዘጋጀ ቦታ ይብሉ።

7. አሁን ይቀመጡ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። ዓይን ትልቅነትን የሚለካው ከሌላ ነገር ጋር አስተያይቶ ነው። እዚህ ግን ጎረቤቱ ያለው ዛፍ ራሱ ግዙፍ ስለሆነ ዓይን ይታለላል። ሲገቡ “ይኸው ነው እንዴ?” ቢሉ አይፈሩ፤ ብዙ ሰው ይላል።

አንድ ዛፍ ይምረጡ፤ የታወቀ መሆን የለበትም። ከግንዱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ሰው በሥሩ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ሰውዬው ከሥሩ ጉብታ በታች ሲሆን ዓይንዎ ድንገት ይስተካከላል። ከዚያ ቀስ ብለው ሽቅብ ይመልከቱ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የሌላ ዛፍ ግንድ ያህላል፤ ሸርማን በ2006 የጣለው አንድ ቅርንጫፍ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል ነበር።

ቀጥለው መንገዱ ዳር የሚደረስበት ዛፍ ካገኙ ቅርፊቱን በመዳፍዎ ይንኩ። እንጨት መንካት አይመስልም፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ፍራሽ ገባ ይላል። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ በርበሬ የመሰለው በውስጡ ታኒን ስለሞላ ነው፤ ነፍሳትንና ምስጥን የሚያርቀውም ያው ነው። እንደ ብዙ ጥዶች የሚነድ ሙጫ ስለሌለው እሳትም ቶሎ አይደፍረውም።

እናቴ ሸርማንን ብዙ ካየች በኋላ፣ “ማን ተከለው?” አለች። እንዲህ ያለ ዛፍ በሀገሯ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነውና የሆነ አባት ተክሎት መስሏት ነው። መልሱ ከእግሯ ሥር ነበር፤ የዶሮ እንቁላል የምታህል ፍሬ። በአንዷ ፍሬ ውስጥ 200 ያህል ዘር አለ፤ እያንዳንዱ ዘር ከተፈለፈለ የአጃ ቅንጣት የማይበልጥ ስስ ነገር ነው። ፍሬዋ ዛፉ ላይ ሳትከፈት ሃያ ዓመት ልትቆይ ትችላለች። ታች እሳት ሲነሳ ሙቀቱ ያደርቃትና ትከፈታለች፤ ዘሩ እሳት በጠረገው አፈርና አመድ ላይ ይወርዳል። ተካዩ እሳት ነው። በብዙ ግንዶች ላይ የሚያዩት ጥቁር ጠባሳ የዚያ ምስክር ነው።

ያው እሳት ግን ዛሬ ተቀይሯል። ከመቶ ዓመት በላይ ትንንሹ እሳት ሁሉ ሲጠፋ ኖሮ ደኑ ውስጥ ማገዶ ተከማቸ፤ ድርቅ ሲጨመርበት ነበልባሉ የዛፎቹ ጫፍ ደረሰ። በ2020 የተነሳው የካስል እሳት ብቻ ከ7,500 እስከ 10,600 የሚገመቱ ትላልቅ ሴኮያዎችን ገደለ። በ2021 ሌላ እሳት ሲቃረብ ሠራተኞች የሸርማንን ሥር እሳት በሚከላከል የአሉሚኒየም መጠቅለያ ጠቅልለው ጠበቁት። ስለዚህ የፓርኩ ሠራተኞች ራሳቸው የለኮሱት ትንሽ እሳት ሲጨስ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የቀድሞውን እሳት ሥራ እየሠሩለት ነው።

8. ጊዜ ከተረፈዎት

ሞሮ ሮክ፦ ከ350 በላይ ደረጃ የተሠራለት ራቁት የድንጋይ ጉልላት ነው። ጫፉ ላይ የተራሮቹ ሰንሰለት ይታያል። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ታች ይቆይ፤ ነጎድጓድ ከሰሙ ደግሞ ማንም አይውጣ።

ታርፕስ ሎግ፦ በወደቀና ውስጡ በእሳት በተፈለፈለ ሴኮያ ውስጥ የተሠራ የከብት አርቢ ቤት ነው። ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ግድግዳውም ጣሪያውም አንድ ግንድ ነው፤ የሳር ጎጆ ጨለማና ጠረን ይመጣብዎታል።

ተነል ሎግ፦ በ1937 መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ ነው። ከማንሳት መብሳት ቀለለና በመካከሉ መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጣለት፤ ከፍታው 2.4 ሜትር ነው።

ሦስቱም ያሉት በአንድ መንገድ አካባቢ ነው። አውቶቡስ በሚሠራበት ወቅት ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ቀን መንገዱ ለግል መኪና ይዘጋል። በዚያው መንገድ ዳር በኮሎኔል ቻርልስ ያንግ ስም የተሰየመ ዛፍ አለ። ያንግ ከዌስት ፖይንት የተመረቀ ሦስተኛው ጥቁር አሜሪካዊ መኮንን ነበር። በ1903 የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ ጥቁር ፈረሰኛ ወታደሮቹን ይዞ ሲመጣ፣ እነዚያ ሶሻሊስቶች ጀምረው የተዉትን መንገድ እስከ ዛፎቹ አደረሰው። ሕዝብ በሠረገላ ሊያያቸው የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

9. እነዚህን አያድርጉ

ከአጥር አይለፉ። የሴኮያ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ በስፋት ነው የሚሄደው፤ ብዙ እግር ሲረግጠው አፈሩ ይጠብቅበታል። ፍሬውን ለመታሰቢያ አይውሰዱ፤ ክልክል ነው። ድሮን አያስነሱ። ታች በስሪ ሪቨርስ በኩል ያለው የካዊያ ወንዝ ሲያዩት የሚያጓጓ ነው፤ በጸደይና በሰመር መጀመሪያ ግን በበረዶ ውኃ የሞላ ስለሆነ ልጆችን ከዳሩ ያርቁ። ዝቅተኛው ቦታ ላይ መርዘኛ እባብና መዥገር ስላለ ሣር ውስጥ አይግቡ።

10. ፎቶውን በመጨረሻ

ግንዱ ሥር ተጠግተው ከተነሱ እንደ እኔ ግድግዳ ይዘው ይመለሳሉ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ወደ ሸርማን በሚወስደው ቁልቁለት መሐል፣ ዛፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ በሚታይበት ቦታ ይቁም፤ ሌላው ሰው ወርዶ አጥሩ ጋ ይቁም፤ ስልኩም ወደ ቁመቱ ይያዝ። ነጭ የለበሰ ሰው ከጥላው ውስጥ ይለያል።

ከእናቴ ጋር የሄድን ቀን ያነሳችው ልጄ ነበረች። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ዛፉን ወዲያው ያየዋል፤ እናቴን ግን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ታች፣ ከሥሩ ጉብታ አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ነጠላ።